ለሁለቱ አበልጆች የተሳለ ጃንጥላ

ሰው ሁሉ የሚወዳት የፊልም ሰው አለችው። የእኔዎቹ ግን ትንሽ ያስቸግራሉ። አንዷ እንኳ እስከ ታሪኩ መጨረሻ በሕይወት ቆይታልኝ ስለማታውቅ፣ የእኔ ነገር ፊልም ማየት ሳይሆን ለቅሶ መድረስ ሆኗል። ልብ ወለድ ውስጥ ያገኘኋት ገጣሚ በሳንባ በሽታ ሞተች። አንድ ደግ ወታደር ነበር፤ ጓደኛውን እንደሚወደው ሊነግረው ድልድይ ሲሻገር እዚያው ድልድዩ ላይ ቀረ። አንዲት መርማሪ ፖሊስ ደግሞ ከስንት የወንበዴ ጥይት ተርፋ፣ የምትወዳትን ሴት «እወድሻለሁ» ባለች ማግስት መኪና ገጫት። መኪናው ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ መንገዱ ባዶ ነበር።

የእኔዎቹ የምለው ማንን እንደሆነ ልንገራችሁ። በመጽሐፍና በተከታታይ ፊልም ውስጥ የሚኖሩ፣ ሴት ሆነው ሴት የሚወዱ፣ ወንድ ሆነው ወንድ የሚወዱ ሰዎችን ነው። አገሬ ለእነሱ የምትጠቀምበት ቃል አላት፤ ግን ለመጥሪያ ሳይሆን ለመወርወሪያ የተሠራ ቃል ስለሆነ አፌ አይደፍረውም። ሌላ ስለሌለኝ «የእኔዎቹ» እላቸዋለሁ። ለምን የእኔ እንደሆኑ የገባው ገብቶታል፤ ያልገባው ትንሽ ይታገሰኝ።

የምሠራው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሰው ጉንጩን ይዞ ተራ ሲጠብቅ እኔ ከጠረጴዛው ሥር አነባለሁ። ገጣሚዋ የሞተች ቀን ዓይኔ እንባ ሲሞላ፣ ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ለእሳቸው ያዘንኩ መስሏቸው «አይዞሽ ልጄ፣ አንድ ጥርስ ነው» ብለው አጽናኑኝ። አመስግኜ አስገባኋቸው።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እትዬ አስካለ ቤት፣ አንዷን ክፍል ተከራይቼ ነው። እትዬ አስካለ የመንግሥት ጡረተኛ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ልደታ ማርያምና ቴሌቪዥን አሏቸው፤ ጠዋቱ የልደታ ነው፣ አመሻሹ የቴሌቪዥን። በተከራይነት ገብቼ በልጅነት ቀረሁ። ሲያመኝ አጥሚት ያጠጡኛል፤ ሳመሽ ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እንደ እሳቸው ያለ ሰው በደላላ አይገኝም። ቢጠሉኝ መግቢያ የለኝም፤ ቀጥሎ የሠራሁት ሞኝነት ሁሉ ከዚህ ፍርሃት የመጣ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ዲሹን ነፋስ ያዞረው ቀን ነው። ዲሽ ሠሪው «ነገ እመጣለሁ» አለ። የዲሽ ሠሪ ነገ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እትዬ አስካለ ያ በአማርኛ የሚናገረው የውጭ ድራማቸው ቀርቶባቸው፣ የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠው ማየት ጀመሩ። አንጀቴን በሉኝ። «እትዬ፣ ፍላሽ ላይ የዝሆኖች ፊልም አለኝ፤ ልክፈትልዎ?» አልኳቸው።

ሁለት ጥቁር ፍላሾች ነበሩኝ። አንዱ ላይ ዝሆኖቹ አሉ። ሌላኛው ላይ በሬን ቆልፌ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የማያቸው የእኔዎቹ አሉ። የትኛውን እንደሰካሁ ገምቱ።

ባሕር መጣ። ወደብ መጣ። ከዚያ አንዲት ረጅም ሴት ተገልብጦ የተቀመጠ ጀልባ ሥር ተንበርክካ ስትጠግን ታየች። ከፊልም ሰዎች ሁሉ አብልጬ የምወዳት እሷን ነው። ስታፍር፣ ምንም ያልነካውን እጇን ሱሪዋ ላይ ትጠርጋለች። ፍላሹን ልነቅል ዘልዬ ተነሣሁ።

«ተይው» አሉ እትዬ አስካለ። «ይቺን ረጅሟን ወደድኳት። ምን ትላለች?»

ፊልሙ በማናውቀው ቋንቋ ነው፤ ከሥሩ እንግሊዝኛ ይጻፍበታል። እትዬ አስካለ እንግሊዝኛ አያነቡም። በዚህ ዓይነት እንግዳ ተቀባይዋ አስተርጓሚ ሆንኩ። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር። ረጅሟ አውራ ጣቷን ቆርጧት መድኃኒት ቤት ገባች፤ መድኃኒት ሻጯ ቁስሉን አሰረችላትና እጇን ሳትለቅ ቀረች። ያለመልቀቁ ነገር ረዘም አለ።

«ምንና ምን ናቸው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«አበልጆች ናቸው።»

«እ፣ አበልጅ ከሆኑማ» ብለው ተደላደሉ። አበልጅ ማለት ልጅን ክርስትና ያነሣችና የልጁ ወላጅ ማለት ነው፤ ከእህት የማይተናነስ ዝምድና ነው። ማልቀስም፣ መተቃቀፍም፣ ሰው ቤት ማደርም ያስችላል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ስንቅ መሆኑ ቀርቶ ወፍጮ ሆነ፤ በየቀኑ የሚጨመርበት ይፈልጋል።

በሳምንቱ ተመልካች በዛ። ከፊት ለፊታችን ያለው ቤት የምትኖረው ሙና ሱቋን ዘግታ ትመጣለች፤ አብነት ላይ የመጋረጃ ጨርቅ ነው የምትሸጠው። ከታችኛው ፎቅ ጋሽ ታደሰ ይመጣሉ። ፍርድ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ያለ ማስረጃ ሰላምታም አይቀበሉም።

«ልጁ የታለ?» አሉ ጋሽ ታደሰ በመጡበት ቀን።

«የምን ልጅ?»

«ክርስትና የተነሣው። ያለ ልጅ አበልጅነት ከየት ይመጣል?»

«አዳሪ ትምህርት ቤት ነው» አልኩ።

«ወንድ ነው?»

«አዎ።»

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንድ ልጅን ክርስትና የሚያነሣው ወንድ ነው። ይቺ ረጅሟ በምን አገባብ አነሣችው?»

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። «ሴት ናት፣ ተሳስቼ ነው፤ የፈረንጅ ስም አምታቶኝ» አልኩና ልጁን በአንድ አፍታ ሴት አደረግኳት። ከዚያ ወዲህ በፊልሙ ውስጥ የሚጮኽ ስልክ ሁሉ የልጅቷ ሆነ። ባንክ ሲደውል ልጅቷ ናት። የመርከብ ወኪል ሲደውል ልጅቷ ናት። የረጅሟ ወንድም ደውሎ ሲሳደብ፣ ልጅቷ የሒሳብ ፈተና ወድቃ አልቅሳ ነው።

ሰው ላላየው ልጅ ይህን ያህል እንደሚጨነቅ አላውቅም ነበር። «በልታ ይሆን?» ይላሉ እትዬ አስካለ። ጋሽ ታደሰ መድኃኒት ሻጯን ጠመዷት፤ «ባሕር ዳር ነፋስ ከመቀበል ሄዳ ልጇን አታይም? ይህቺ ናት እናት?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ለሷ ጠበቃ መቆም ጀመርኩ። ሥራ ይበዛባታል እላለሁ፣ ትኬት ተወዷል እላለሁ። ያልወለደችውን ልጅ ጥላለች ተብላ ስትወቀስ ከልቤ እበሽቅ ነበር።

ከንፈር ለከንፈር የሚቀራረቡበት ቦታ ሲደርስ ኬብል ላስተካክል እነሣለሁ። ጀርባዬ ሰፊ በመሆኑ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት ያኔ ነው። አንድ ቀን ግን ዘገየሁ። እነሱ ምንም አላደረጉም፤ ጽሑፉ ብቻ መጣ፤ መድኃኒት ሻጯ ያለ እሷ መተኛት እንዳቃታት የሚናገር ጽሑፍ። ሙና እንግሊዝኛ ታነባለች። ጽሑፉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። በዚህ ሰፈር አንድ ወሬ ከላይኛው ፎቅ እስከ በሩ ድረስ ለመውረድ ከሰው ይፈጥናል።

ሙና ቆሎዋን ዘገነች። «ልጅቷ ናት መሰለኝ የደወለችው» አለች። ምንም ስልክ አልጮኸም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሲያቅተኝ እሷ ትሞላልኛለች። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።

አሁን ያን «አበልጅ» የሚል ቃል ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ። አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ራሄል የምትባል አስተማሪ ነበረች፤ በየእሁዱ ትመጣ ነበር። ቀልዱን ሳትጨርስ ራሷ ትስቃለች፤ ስለዚህ የአንዱንም ቀልዷን መጨረሻ ሰምቼው አላውቅም። እትዬ አስካለ «ማን ናት?» ሲሉኝ፣ የወንድሜን ልጅ ክርስትና ያነሣች አበልጃችን ናት አልኳቸው። ደስ አላቸው። ቤታቸው በልቶ የሚሄድን ሰው ሁሉ ለጸሎት የክርስትና ስሙን ይጠይቁታልና፣ የእሷንም ጠየቁ። ወለተ ገብርኤል ናት። እኔ ወለተ ሥላሴ ነኝ። በየጠዋቱ ሁለታችንን አከታትለው ሲጠሩ በግድግዳው እሰማ ነበር።

ራሄል ፈራች። መንገድ ላይ ሁለቴ የሚያየን ሰው ያስበረግጋት ጀመር። ሐዋሳ ሥራ አገኘች፤ ሄደች። አሁን ለበዓል «እንኳን አደረሰሽ» ትልካለች፤ እኔም «እንኳን አብሮ አደረሰን» እላለሁ። ተለያየን እንኳ አልተባባልንም። ትናፍቀኛለች። ሌላ አሳምሬ የምለው የለኝም፤ እሁድ ሲሆን ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ስሰማ አሁንም ቀና እላለሁ።

እንግዲህ የሰው ፊልም ላይ የማደርገው ይኸው ነበር። እኔን የሚመስሉትን ሁለት ሴቶች አጥብቄ እየወደድኩ፣ የሚባባሉትን በገዛ አፌ በየቀኑ አጠፋለሁ። ደራሲዎቹ ይገድሏቸዋል፤ ግን ከመግደላቸው በፊት ያናግሯቸዋል። እኔ ያንንም ነፈግኳቸው።

ወደ ማለቂያው ግድም ሁለቱ ተለያዩ። ወንድምየው አስፈራርቶ፣ ረጅሟ በመርከብ ሄደች። መድኃኒት ሻጯ ወደቡ ላይ ቀረች። እትዬ አስካለ የዚያን ቀን እራት አልበሉም። በማግስቱ፣ የወሩ ልደታ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

«ተሳልኩላቸው» አሉኝ።

«ለማን?»

«ለአበልጆቹ። ለግንቦት ልደታ አገናኝተሽ ካሳየሽኝ ጃንጥላ አገባለሁ አልኳት። ልደታ እኔን አሳፍራኝ አታውቅም።»

«እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው።»

«እና? ለፊልም ሰው አምላክ የለውም?»

እኔ ግን ፈራሁ፤ ምክንያቱም መጨረሻውን አስቀድሜ አይቼዋለሁ። የመጨረሻው ክፍል ላይ ረጅሟ ትመለሳለች፤ ወደቡ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ደራሲው የእኔዎቹን ደስታ አይችልምና፣ በማግስቱ ባሕር ላይ ማዕበል ያስነሣል። ትሞታለች። ክፍሌ ውስጥ ትራስ ነክሼ ያለቀስኩበት ነው። እንግዲህ እትዬ አስካለ ልደታን ደጅ ጠንተው፣ ጃንጥላ ከመርካቶ ገዝተው፣ ያ ማዕበል ሊመጣባቸው ነው።

የመጨረሻው ክፍል የታየው በሚያዝያ ማለቂያ እሁድ ከሰዓት ነው። ሙና አለች፣ ጋሽ ታደሰ አሉ፤ ጃንጥላው በላስቲኩ እንዳለ ጥግ ላይ ቆሟል። ሪሞቱን ጭኔ ሥር ደበቅኩት። መርከቡ ደረሰ። ረጅሟ ወረደች። ቆመች፤ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። መድኃኒት ሻጯ ቀረበቻት።

«ምን አለቻት?» አሉ እትዬ አስካለ።

የተዘጋጀ ውሸት ነበረኝ። ልጅቷ ተመርቃለች ልል ነበር። ግን ያን ፊት እያየሁ አቃተኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈውን እንዳለ ተናገርኩት። «ካንቺ ሌላ የለኝም አለቻት። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር አንቺ ነሽ እላለሁ አለቻት። ነይ፣ ቤት እንሂድ አለቻት።»

ተቃቀፉ። ኬብል ላስተካክል አልተነሣሁም። ከዚያ ሪሞቱን መዝዤ አጠፋሁት።

«አለቀ» አልኩ።

«እንዴት ያልቃል?» አሉ ጋሽ ታደሰ። «የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር አልወጣም።»

«አልቋል ጋሽ ታደሰ» አለች ሙና። «እነዚህ አገር ስም አይጽፉም።»

«በመጀመሪያው ክፍል ጽፈዋል።»

«አንዴ ከጻፉ ይበቃል» አለችና ቆሎውን አቀበለቻቸው። እትዬ አስካለ ምንም አልሰሙም። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። «ልጅቷ ብቻ አልመጣችም» አሉ በመጨረሻ። ጋሽ ታደሰ እናትየዋን እንደገና ወቀሱ።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። ግቢው በነጭ ልብስ ተሞልቷል። እትዬ አስካለ ጃንጥላውን እኔን አሸክመው፣ ሰው እየገፋን ስለት ወደሚቀበሉት ቄስ ደረስን። ቄሱ ድምፅ ማጉያ ይዘዋል፤ ስለት ያገባውን ሰው ለሕዝቡ እየተናገሩ እልል ያስብሉለታል። ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

«ስለቱ የምን ነበር፣ እናቴ?»

«ሁለት አበልጆች ተለያይተው ነበር አባቴ፣ አገናኝታልኝ ነው።»

«የክርስትና ስማቸው?»

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የምታውቂያቸው። ንገሪያቸው እንጂ።»

ከኋላችን ወረፋው ይገፋል። ኤልሳቤጥ ልበል፣ ማርታ ልበል፣ ሺህ ስም አለ። ለወራት ስዋሽ የኖርኩት ሴትዮ፣ ውሸት በሚያስፈልገኝ ሰዓት አንድም አጣሁ። «ወለተ ሥላሴ» አልኩ። «እና ወለተ ገብርኤል።»

ቄሱ ድምፅ ማጉያውን ከፍ አደረጉ። ተለያይተው የነበሩትን ወለተ ሥላሴንና ወለተ ገብርኤልን ልደታ ለማርያም አገናኝታለችና እልል በሉ አሉ። ግቢ ሙሉ ሰው እልል አለ። እናቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ወንዶች እያጨበጨቡ፣ ለእኔና ለራሄል እልል አሉ። ለማን እንደሆነ አያውቁም፤ ቢያውቁ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን እልል ብለዋል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጃንጥላው ተዘርግቶ ከሰው ራስ በላይ ሲሄድ፣ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ አስካለ ከፊቴ ቀድመው ሄዱ። መንገዱን አቋርጠን ኮንዶሚኒየሙ ጋ ልንደርስ ስንል ነው የተናገሩት።

«ወለተ ገብርኤል ያቺ ራሄል አይደለችም?»

ቤቴንም፣ አጥሚቱንም፣ ደረጃው ላይ የሚጠብቀኝን ሰውም ያጣሁ መሰለኝ።

«እኔ እኮ የተሳልኩት ለፊልም ሰዎቹ ነበር» አሉ።

«ይቅርታ እትዬ። አፌን አዳለጠኝ።»

«አዳለጠሽ።» ጥቂት ሄዱና ቆሙ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ፊታቸውን አየሁት፤ ምን እንዳወቁ፣ ምን እንዳላወቁ ከፊታቸው አልተነበበም። «እንግዲህ ጃንጥላው ገብቷል፤ መልሺልኝ አይባልም። ልደታም ተቀብላ ዝም የምትል አይደለችም። ደውይላት።»

«አሁን?»

«ስለቱ የገባው ዛሬ ነው።»

ግቢያችን ውስጥ ጎረቤቱ ንፍሮ ቀርቦለት እየተሻማ ነው። ሙና ከሩቅ አየችኝ፤ ጋሽ ታደሰን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ሌላ በኩል ወሰደቻቸው። ደረጃው ሥር ገብቼ ደወልኩ። ጠራ። ጠራ።

«ሄሎ» አለች ራሄል።

የሰው ንግግር ስተረጉም ከርሜ፣ የራሴ ሲመጣ ከሥሩ የሚነበብ ጽሑፍ አጣሁ። «እንኳን አደረሰሽ» አልኩ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች። ይቺን እናውቃታለን፤ ከዚህ በኋላ ሁሌም የምንለው የለንም። እትዬ አስካለ ከላይ ደረጃው ላይ ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልጅቷ ደህና ናት ወይ በያት!»

የትኛዋን ልጅ እንደሆነ አላውቅም፤ እሳቸውም የተቀላቀለባቸው ይመስለኛል።

«የምን ልጅ?» አለች ራሄል። ከዚያ፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ገና ሳልነግራት፣ ሳቀች።

«ታሪኩ ረጅም ነው» አልኳት።

«ንገሪኛ።»

«በስልክ አይሆንም። ነይና ልንገርሽ።»

ከወዲያ በኩል ሐዋሳ ውስጥ መኪና ሲያልፍ ብቻ ይሰማኛል። ስልኩን ግን አልዘጋችም።